አባቴ የማያውሰው መቀስ

ልጅ እያለሁ አባቴ የሚነፍገው አንድ ዕቃ ብቻ ነበር፤ የብርቱካን መግረዣ መቀሱን። በሬውን ለደቦ፣ አህያውን ለወፍጮ ይሰጣል። መቀሱን ግን ማንም ቢለምነው አይሰጥም። ዕቃ ለጎረቤት መንፈግ በእኛ አገር ነውር ነው። ቡሬ ዙሪያ ያሉት እኩዮቼ «የስስታሙ ልጅ» ሲሉኝ መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ እመርጥ ነበር።

ከፍኖተ ሰላም ገበያ ሲገዛው አብሬው ነበርሁ። ነጋዴውን ያለውን መቀስ ሁሉ አስደረደረው። አንዱን ወደ ፀሐይ አንስቶ ስለቶቹ በደንብ መግጠማቸውን ያያል፤ ሌላውን ከቤት ይዞ በመጣው እርጥብ ቅርንጫፍ ይሞክራል። ልጡን የጨፈለቀውን «ይኼ ያኝካል እንጂ አይቆርጥም» እያለ ይመልሳል። ነጋዴው ሊያብድ ምንም አልቀረው። ቤት ከገባ በኋላማ እንደ አራስ ነበር የተንከባከበው፤ ገርዞ ሲጨርስ በአረቄ በራሰ ጨርቅ ይወለውልና የኑግ ዘይት ቀብቶ ግድግዳ ላይ ይሰቅለዋል። «የሰው ዛፍ ከነካ የሰው በሽታ ይዞ ይመጣል» ይል ነበር። እናቴ «አረቄውን እንግዳ ቢጠጣው ይሻል ነበር» እያለች ትስቅበታለች። እኛም የስስት ሰበብ ይመስለን ነበር።

ጎረቤታችን እማማ ዘርፌ ባላቸው የሞቱባቸው፣ በጓሯቸው አንዲት ብርቱካን ብቻ ያለቻቸው ሴት ነበሩ። ባለፉ ባገደሙ ቁጥር የእኛን ዛፎች እያዩ «እንዴት ያምራል!» ይላሉ። አንድ ቀን አባቴ ጅጋ ገበያ ሄዶ ሳለ በአጥሩ በኩል ብቅ አሉ።

«ልጀ፣ ብርቱካኔ ከጫፏ ደረቀችብኝ። እንዲያው የደረቀውን ብቆርጥላት ትድንልኝ ይሆን?»

ዘጠኝ ዓመቴ ነበር። የስስታም ልጅ አለመሆኔን ለማሳየት ሮጬ መቀሱን አወረድሁላቸው። ሲመልሱልኝ በቀሚሴ ጫፍ ጠርጌ ሰቀልሁት። በማግስቱ አባቴ በዚያው መቀስ ስምንቱንም ዛፎቹን ገረዘ።

ጥቂት ወራት አልፈው አንድ ጠዋት ጓሮ ስወጣ ክው ብዬ ቀረሁ። ስምንቱም ልክ እንደ እማማ ዘርፌ ዛፍ ከጫፋቸው ደርቀዋል። የመቀሱ ነገር ወዲያው ገባኝ። አባቴ ግንዱን ይዞ ቆሞ «መቀሴስ ያለ እኔ እጅ ከግድግዳየ ወርዶ አያውቅም» ይላል። እናቴ ከኋላው ደረሰች።

«የዘርፌ ዓይን ነው! የሷ ቢደርቅባት የኛን በላችው!»

ወሬው ባንድ ሳምንት መንደሩን አዳረሰው። እማማ ዘርፌ ሲያልፉ እናቶች ሕፃን ይሸፍናሉ፤ ወተት የሚንጡትም ቅላቸውን ይደብቃሉ። እማማ ዘርፌ «ልጅቱ መቀስ አውሳኝ ነው» እስኪሉ ድረስ በየቀኑ ጠበቅሁ። አላሉም። ራሴ ልናገር እነሣና የአባቴ ቀበቶ ትዝ ሲለኝ አንደበቴ ይታሰራል።

በመጨረሻ ልጃቸው ከፈረስ ቤት ከተማ መጥቶ ሊወስዳቸው ሆነ። ዕቃቸው ሲጫን ከመንደሩ አንድም ሰው ደኅና ሁኑ ሊል አልወጣም። ውኃ ልቀዳ ስወርድ መንገድ ላይ ተገናኘን። ልሸሽ ስል እጄን ያዙና ወደ ጆሮዬ ጎንበስ አሉ።

«እንዳትናገሪ ልጀ። አባትሽ ቁጡ ነው፣ ይገድልሻል። እኔስ ከእንግዲህ ስንት ዕድሜ ቀርቶኝ?»

እንደዚያ ቀን ደንግጬ አላውቅም። ለካ ሁሉንም ያውቁ ነበር። ቡዳ ተብለው ከቀያቸው የሚወጡት እኔን ሸሽገው ነው። እንስራዬን ይዤ በቆምሁበት ቀረሁ፤ «ይቅር በሉኝ» እንኳ አላልኋቸውም።

ዛሬ የግብርና ባለሙያ ነኝ። ያን ጊዜ ዛፍ ሲደርቅ የሚፈለገው ያየው ሰው ነበር፤ አሁን ገበሬው ቅጠሉን በስልኩ ፎቶ አንሥቶ ይልክልኛል። ከዛፍ ወደ ዛፍ ሲሻገርም ስለቱን በበረኪና ያጸዳል። እማማ ዘርፌ ይህን ሳያዩ ፈረስ ቤት ተቀበሩ። አባቴ ግን አለ። አርጅቷል፣ ቁጣውም ጥሎት ሄዷል፤ የእሳቸው ስም ሲነሣ ግን እስከ ዛሬ ያማትባል።

ባለፈው ሰሞን በመንደራችን ስለ መግረዝ ሳስተምር አባቴ ከፊት ተቀምጦ ነበር። ስለት በሽታ እንደሚያጋባ ስናገር አንድ አዛውንት እጃቸውን አነሡ።

«ልጀ፣ ይኸንስ በምን አወቅሽው?»

አባቴን አየሁት። ፈገግ ብሎ መልሴን ይጠብቃል።

«ኮሌጅ ነው የተማርሁት» አልኋቸው።