ዑዘይር ያሳጠራት ጥላ

«ደመናው ቢከብድም ከጦሳ ራስ ላይ፣
ልቤ ቀድሞ ወጣ…»

ከዚህ በኋላ ያለውን ረስቶታል። መምህር ዑዘይር ይህችን የልጅነት መንዙማ እያንጎራጎረ፣ የሚኒባሱን መስኮት ተደግፎ፣ በሐረጎ ጠመዝማዛ መንገድ ወደ ኮምቦልቻ ወረደ። የሚወርደው ጥፋቱን ሊናገር ነው።

ዑዘይር ደሴ ላይ ፊዚክስ ሲያስተምር ሃያ ሁለት ዓመቱ። ፊርደውስ የድሮ ተማሪው ናት፤ ዛሬ እሷም ኮምቦልቻ ታስተምራለች። ሁለቱ ሦስት ዓመት ሙሉ አንዲት ኮከብ ሲጠብቁ ኖሩ። ለዓይን አንዲት ትምሰል እንጂ ጥንድ ናት፤ ሁለት ኮከቦች ክብ ጨዋታ እንደያዙ ይዟዟራሉ፣ አንዱ ሌላውን በጋረደ ቁጥር ብርሃናቸው ይደበዝዛል። ጥላው የቆየበት ጊዜ ግዝፈታቸውን ይናገራል፤ ፍጥነታቸውን የሌላ አገር ትልቅ የሰማይ መነጽር ቀድሞ ለክቶታል። ግዝፈታቸውና ሙቀታቸው ከታወቀ እውነተኛ ብርሃናቸው ይታወቃል። ያ ብርሃን እኛ ዘንድ ሲደርስ ምን ያህል እንደሳሳ ማየት ደግሞ ርቀታቸውን ይሰጣል። ገመድ ሳይዘረጉ ሰማይን መለካት!

የጎደላቸው የጥላው ማብቂያ ሰዓት ብቻ ነበር። በጥር ወር በአንዱ ምሽት፣ ከመግሪብ ሶላት በኋላ፣ ሁለቱም በየከተማቸው ካሜራ ደገኑ፤ ብርሃኑ የተመለሰበትን ሰዓት ግን በዓይናቸው አይተው የሚመዘግቡት እነሱ ናቸው። የጦሳ ተራራ ግን ጉሙን በደሴ ላይ ለቀቀው። ዑዘይር ምንም አላየም። ሦስት ዓመት ጠብቆ ባዶ መስመር መተው ከበደውና ይሆናል ያለውን ቁጥር በግምት ሞላ።

የፊርደውስ ቁጥር ከሱ በሃያ አምስት ደቂቃ ዘገየ። ደወለች።

«ጋሼ፣ በዓይንዎ አይተዋታል?»

«ወላሂ አይቻታለሁ!»

እዚህ አገር ከወላሂ በኋላ ጥያቄ የለም። የራሷን ሰረዘች፤ ሪፖርቱ በሱ ቁጥር ለኮከብ ተመልካቾች ማኅበር ተላከ። ያጠረው ጥላ ኮከቦቹን አሳነሳቸው፣ ማነሳቸውም ወደኛ አቀረባቸው። አቤት ዑዘይር! ያን የሚያህል ፍጥረት በአንዲት ቃል ጎትቶ አመጣ።

ትናንት መልእክቷ ደረሰው፦ «ጋሼ፣ ለዚህ ሥራ አልተፈጠርኩም። ካሜራውን ነገ ለሌላ ሰው ላስረክብ ነው።»

በሩን የከፈቱለት እናቷ እትዬ ቱርኪያ ናቸው። «እሰይ! የደሴ ብርድ አባረረዎት? ይግቡ፣ ሩዙ ሳይቀዘቅዝ።»

«ይቆዩኝ፣ እትዬ።»

ካሜራው ካርቶን ውስጥ ገብቷል። ፊርደውስ በፕላስተር እያሸገች ነው። ዑዘይር እንደቆመ ተናገረ።

«ፊርደውስ፣ አላየኋትም።»

«ማንን?»

«ኮከቧን። ጉም ነበር። በሐሰት ማልኩልሽ። ትክክሉ ያንቺ ነው።»

ፕላስተሩ ከእጇ ወደቀ። «እኔ እኮ ዓይኔ ነው ብዬ ቦሩ ሜዳ ሆስፒታል ሄጃለሁ! ደህና ነው ቢሉኝ እነሱንም አላመንኩ።»

ይህን አልጠበቀም። ፊቱን በጋቢው ጫፍ ሸፈነ። «አፉ በይኝ።»

«መጀመሪያ ይጻፉት።»

ስልኩን አወጣ። ለማኅበሩ ጻፈ፦ የደሴው ቁጥር የኔ ግምት ነው፣ በዚያ ምሽት ጉም ነበር፣ የኮምቦልቻው ይያዝ። አንብባ፣ አንድ ፊደል አርማ፣ ራሷ ላከችው። ፈገግ አላለችም። ግን ካርቶኑን ቀድዳ ካሜራውን አወጣችና ሌንሱን በነጠላዋ ጠረገች።

«ጨረሳችሁ?» አሉ እትዬ ቱርኪያ ከጓዳ። «ኮከብ እንደሁ አይበላ!»

«ይቀመጡ፣ ጋሼ፤» አለች ፊርደውስ፣ ዓይኗን ከሌንሱ ሳታነሳ።

ዑዘይር እጁን ታጥቦ ትሪው ዳር ተቀመጠ። «ቢስሚላህ» ብሎ የመጀመሪያዋን ጉርሻ ጎረሰ።