የኮርቢን ቡድን የመጨረሻው አምበል

አሰልጣኙ ዋይኖ ሳሬላ ዝምተኛ ሰው ነበር። የኮርቢን ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የበረዶ ላይ ሆኪ ተጫዋቾች መልበሻ ክፍል ውስጥ ሲቀልዱ፣ «ኮች ዛሬ ሁለት ጊዜ ተናገሩ፤ ሳያማቸው አይቀርም» ይባባሉ ነበር። ቀን ቀን በብረት ማዕድኑ ግቢ የከባድ መኪና ሞተር ይጠግናል። ፈረቃው ሲያልቅ ጥፍሩ ሥር ያለው ግራሶ ሳይለቅ በረዶ ሜዳው ላይ ይገኛል። ፊሽካውን ካንገቱ አንጠልጥሎ፣ እጆቹን ወደ ኋላ አጣምሮ፣ በልጆቹ መካከል በበረዶ መንሸራተቻ ጫማው ቀስ እያለ ይንሸራተታል። የተሳሳተ ልጅ ሲያይ አይጮህም። አጠገቡ ሄዶ ይቆማል፤ ልጁ ጥፋቱን ራሱ እስኪደርስበት ድረስ።

ከሐይቁ ማዶ ሃርትሌይ የምትባል ሌላ የማዕድን ከተማ አለች። ኮርቢንና ሃርትሌይ የሚቆፍሩት አንድ ዓይነት አፈር ነው፣ የሚያጠምዱትም አንድ ዓይነት ዓሣ፤ እርስ በርስም ይጋባሉ። ሆኪ ሲመጣ ግን ዓይንህን ላፈር ነው። ከሃርትሌይ ሚስት ያመጣ የኮርቢን ሰው በሠርጉ ቀን እንኳ፣ «እንግዲህ በየትኛው ወገን ልትቀመጥ ነው?» እየተባለ ይተረባል። የትምህርት ቤቶቹ ቡድኖች ሲገናኙ ሱቆቹ ይዘጋሉ፣ አሮጊቶች ሳይቀሩ ብርድ ልብሳቸውን ተከናንበው ይመጣሉ።

ማዕድኑ የተዘጋው በፈረንጆቹ ሰማንያዎቹ መጀመሪያ፣ ቅጠል በሚረግፍበት ወር ነው። መጀመሪያ «ለጊዜው ነው» ተባለ። ኅዳር ላይ ልምምድ ሲጀመር ለጊዜው እንዳልሆነ ለሁሉም ገብቶት ነበር። ዋይኖም እንደ ሌላው ከሥራ ተሰናበተ። ሚስቱ አይሊ በትምህርት ቤቱ ወጥ ቤት ምግብ አብሳይ ስለነበረች ቤታቸው በእሷ ቆመ። ሌላው ሰው ግን ወደ ቴክሳስ፣ ወደ አሪዞና፣ ዘመድ ወዳለበት ሁሉ መበተን ያዘ። ዕቃ የተጫነ መኪና ከአንድ ደጅ በተነሣ ቁጥር አንድ ተጫዋች አብሮ ይሄዳል።

አንድ ማክሰኞ ከልምምድ በፊት፣ የግራ ክንፉ ተጫዋች ማሊያውን አጣጥፎ ይዞ ወደ ዋይኖ መጣ።

«እናቴ አጥባዋለች፣ ኮች» አለ።

ዋይኖ ማሊያውን ተቀበለው። ገና ሙቀቱ አልለቀቀውም፤ ተተኩሷል።

«እናትህን አመሰግናለሁ በልልኝ» አለ። ልጁ መስቀያውን አንዴ አየት አድርጎ ወጣ።

በሆኪ ተጫዋች ሳንባው እስኪፈነዳ ይሮጥና በደቂቃ ውስጥ ወጥቶ ለሌላው ይለቃል። ተቀያሪ ሲያልቅ ግን የደከመው ልጅ ደክሞት እዚያው ይቀራል። ገና ታኅሣሥ ሳይገባ የኮርቢን ልጆች በሦስተኛውና በመጨረሻው ክፍለ ጊዜ እግራቸውን መጎተት ጀመሩ፤ የጨዋታውን አጋማሽ እየመሩ ቆይተው መጨረሻው ላይ ይሸነፋሉ። ያም ሆኖ ሰው ማየቱን አልተወም፤ ምክንያቱም ሩዲ ስቱፓር አለ።

ሩዲ አምበል ነው፤ ተከላካይ። ረጅም፣ ትከሻው ሰፊ፣ ሲሄድ የማይቸኩል የሚመስል ልጅ ነው። ፓኳን፣ ያቺን ጥቁር ክብ ጎማ፣ ከተቃራኒ ዱላ ሥር ሲወስዳት የተወሰደበት እንኳ የሚያውቀው ቆይቶ ነው። በስድስት ዓመቱ በረዶ ላይ ያቆመው ዋይኖ ነው።

ከገና በፊት የሩዲ አባት ፍራንክ ስቱፓር ወደ ዋይኖ ጋራዥ መጣ። ዋይኖ የልጆቹን የመንሸራተቻ ጫማ ስለት እየሳለ ነበር። ፍራንክ ኮፍያውን አውልቆ በእጁ ያሽከረክራል።

«ዋዮሚንግ የድንጋይ ከሰል ሥራ አግኝቻለሁ» አለ። «ሮዝሜሪንና ትንሿን ልጃችንን ይዤ ልሄድ ነው።»

«ሩዲስ?»

«የመጣሁት በሱ ጉዳይ ነው። የጨዋታው ወቅት እስኪያልቅ አንተ ጋ ይቆይልኝ። እናቱ ልትለየው አልቻለችም፣ ግን ልጁ ለምኖ ለምኖ አሸነፋት። አምበል ሆኖ ሃርትሌይን ሳይገጥም ብወስደው ዕድሜ ልኩን አይለቀኝም።»

ዋይኖ የሚስለውን አቆመ። ደስ አለው፤ ደስ ስላለው ደግሞ አፈረ።

«የልጃችን ክፍል ባዶ ነው፤ ካገባች ወዲህ ማንም አልተኛበትም» አለ። «ይምጣ።»

ሩዲ መጣ። አይሊ የምታቀርበውን ሁሉ ይበላል፤ ሳህኑን አጥቦ ያስቀምጣል፤ ማለዳ ተነሥቶ የደጁን በረዶ ይዝቃል። እሑድ እሑድ እናቱ ስትደውል ስልኩን ይዞ ወደ ኮሪደሩ ይወጣና ድምፁን ዝቅ አድርጎ ያወራል። ቡድኑም ቀና አለ። ጥር ላይ የቀሩት ልጆች አንዱ የሌላውን ትንፋሽ ያወቀ ይመስል መጫወት ጀመሩ። ማንም ሳይጠብቅ ሁለት ትልልቅ ትምህርት ቤቶችን አሸነፉ። የብረታ ብረት ሱቁ ባለቤትና የደጋፊዎቹ ሰብሳቢ ሃርላን ኬስኪ መስኮቱ ላይ በነጭ ቀለም፣ «ሃርትሌይ፣ ጠብቂን!» ብሎ ጻፈ። ጨዋታው በየካቲት ወር በአንድ ሐሙስ ላይ ዋለ፤ የተሸነፈ ትምህርት ቤት ከውድድሩ ይወጣል።

በዚያው ሳምንት ሰኞ፣ ሩዲ ትምህርት ቤት ሳለ ስልክ ጮኸ። አይሊ አነሣችው። ረጅም ጊዜ ሰማች፤ ከዚያ «አይዞሽ፣ እኅቴ» ብላ ዘጋችው።

«ሮዝሜሪ ናት» አለችው ለዋይኖ። «ሆዷ ውስጥ እጢ አግኝተውባታል። ዓርብ ጠዋት ቀዶ ሕክምና ትገባለች። ሐኪሙ ከፍተን ሳናይ ምንም አንልም ብሏታል።»

«ለሩዲ ነገሩት?»

«አትንገሩት ነው የሚሉት። ፍራንክም ከጎኗ ሆኖ ይኸንኑ ነበር የሚያስብላት። ሐሙስ ይጫወት፣ ከዚያ በኋላ ንገሩት አሉ።»

ዋይኖ ወንበር ስቦ ተቀመጠ። በአቅራቢያቸው ካለችው ከተማ ከዱሉዝ ተነሥቶ ዋዮሚንግ የሚገባው አውቶቡስ አንድ ቀን ተኩል ያህል ይፈጃል። ሐሙስ ማታ ተነግሮት የሚሳፈር ልጅ ዓርብ ጠዋት እናቱ ስትገባ አይደርስም።

«ወላጆቹ ናቸው እኮ ያሉት» አለች አይሊ፣ ፊቱን አይታ። «አንተ አይደለህም።»

«አውቃለሁ።»

«እና?»

«ጨዋታው የኔ ነው» አለ ዋይኖ። «እናቱ ግን የሱ ናት።»

ከሰዓት በኋላ ሩዲን ከትምህርት ቤቱ በር ላይ በመኪናው ወሰደውና በረዶ ሜዳው አጠገብ አቁሞ፣ ሞተሩን ሳያጠፋ ነገረው። የሚያውቀውን ሁሉ ነገረው፤ አባቱ «አትንገሩት» ማለቱንም ሳይደብቅ። የሩዲ ፊት በንዴት ቀላ።

«ታዲያ ለምን ነገሩኝ? አባቴ አትንገሩት ካለ ለምን ነገሩኝ?»

«ማወቅ ስላለብህ።»

«ሐሙስ ቢነግሩኝ ምን ነበረበት? ሐሙስ ማታ ቢነግሩኝ!»

«አትደርስም ነበር።»

ሩዲ ግንባሩን መስኮቱ ላይ ደገፈ። ዋይኖ እጁን ሊዘረጋ ፈለገና የት እንደሚያሳርፈው አጣ፤ መሪውን ያዘ።

«እርስዎ ቢሆኑ ምን ያደርጋሉ?» አለ ልጁ፣ ፊቱን ሳይመልስ።

«እኔ አይደለሁም፣ ልጄ። ብትቆይ ቤቴ ነህ፣ ቡድኔም ውስጥ ነህ፤ ክፉ ቃል አልናገርህም። ብትሄድ ዱሉዝ ድረስ አደርስሃለሁ።»

ከሜዳው በኩል የትንንሽ ልጆች ጫጫታ ይሰማል።

«ልብሴን ልያዝ» አለ ሩዲ በመጨረሻ።

በማግስቱ ጠዋት ከመንገድ በፊት ሩዲ መልበሻ ክፍል ገብቶ ለጓደኞቹ ራሱ ነገራቸው። ግብ ጠባቂው ኪፕ ኦያላ፣ «ሂድ ባክህ፤ እኛ እንደሆንን ያላንተም መሸነፍ እንችልበታለን» አለው። ሁሉም ሳቁ፤ ሩዲም ሳቀ፤ ከዚያ ዓይኑን በእጅጌው ጠረገ።

አውቶቡስ ጣቢያው ላይ ሩዲ ቦርሳውን ትከሻው ላይ እንዳደረገ ዘወር አለ።

«አምበል ማንን ያደርጋሉ?»

«አንተ ነህ።»

«እኔማ እየሄድኩ ነው።»

«አንተ ነህ አልኩህ» አለ ዋይኖ። ሩዲ እጁን አልጨበጠውም። ንዴቱ ገና አልወጣለትም ነበር፤ ራሱን ነቅንቆ ብቻ አውቶቡሱ ላይ ወጣ። ዋይኖ አውቶቡሱ ታጥፎ እስኪጠፋ ቆሞ ቀረ።

ወሬው ከሱ ቀድሞ ኮርቢን ደርሷል። ሃርላን ኬስኪ የዋይኖ ቤት ደጅ ላይ ጠበቀው።

«አባትየው ራሱ ጠብቅ ብሎህ የለ?» ጮኸበት። «እናትየው ራሷ! ማን ጠየቀህ? ከተማው ምን ቀረው፣ ዋይኖ? ሥራ የለ፣ ሰው የለ። አንዲት ነገር ቀርታን ነበር፤ እሷንም አውቶቡስ ላይ ጫንካት!»

«ጫንከው እንጂ ጫንካት አይባልም» አለ ዋይኖ። «ልጅ ነው።»

ሃርላን ተፍቶ ሄደ። እሱ ብቻ አልነበረም። በግሮሰሪው ውስጥ ሰላምታ የነሡት ነበሩ። አይሊም ወጥ ቤት ውስጥ አብረዋት ከሚሠሩት አንዷ እስከ ሳምንቱ መጨረሻ አላነጋገረቻትም።

ሐሙስ ማታ የሃርትሌይ ሜዳ ጢም ብሎ ሞላ። ዳኛው ወደ ኮርቢን ወንበር መጥቶ፣ «አምበላችሁ ማነው?» ብሎ ጠየቀ።

«መንገድ ላይ ነው» አለ ዋይኖ።

ዳኛው ግራ ገብቶት አየው፤ ከዚያ ኪፕን ጠርቶ የሚለውን ነገረው።

የሃርትሌይ ደጋፊዎች ገና ጨዋታው ሳይጀመር፣ «ስቱፓር የት ገባ? ፈረጠጠ! ፈረጠጠ!» እያሉ ወንበር ይደበድባሉ። የኮርቢን ልጆች ጥርሳቸውን ነክሰው ተጫወቱ። በመጀመሪያው ክፍለ ጊዜ አንድ አግብተው መሩ፤ የኮርቢን ሰዎች ሁሉን ረስተው ተነሥተው ጮኹ። በሁለተኛው እኩል ሆኑ። በሦስተኛው እግር ከዳቸው። ተቀያሪ የሌላቸው ልጆች ዱላቸውን እንደ ምርኩዝ ተደግፈው ሲያለከልኩ፣ ሃርትሌዮች ትኩስ ትኩስ ልጅ እየላኩ አራት ደራረቡባቸው። ኪፕ የቻለውን ሁሉ ከግቡ መለሰ፤ መጨረሻ ላይ በጉልበቱ ተንበርክኮ ለመነሣት ሁለት ጊዜ ሞከረ። ፊሽካው ሲነፋ ማንም አልጮኸም፤ የሃርትሌይ ሰዎችም ቢሆኑ። ምናልባት ማን ከፊታቸው እንደቆመ ያን ጊዜ አዩ ይሆናል፦ ባዶ የቀረች ከተማ ያሏት ልጆች በሙሉ።

ተጫዋቾቹ ተሰልፈው እጅ ሲጨባበጡ የሃርትሌዩ አሰልጣኝ ቶርሰን የዋይኖን እጅ ሳይለቅ ቆየ።

«ልጁ ደረሰ?»

«ትናንት ማታ ገብቷል።»

«ጥሩ» አለ ቶርሰን። «ጥሩ አደረግህ።» ዋይኖ በዚያ ሳምንት ይህን ቃል የሰማው ከተቀናቃኙ አፍ ብቻ ነው።

ሮዝሜሪ ከቀዶ ሕክምናው በደህና ወጣች። እጢው ተቆርጦ ወጣ፣ በሦስተኛው ሳምንት ቤቷ ገባች። ወሬው ኮርቢን ሲደርስ እግዜር ይመስገን ያሉ ብዙ ነበሩ፤ ሃርላን ግን ሱቁ ውስጥ፣ «አላልኳችሁም? ቢጫወትም ትድን ነበር» አለ። ዋይኖ ሚስማር ሊገዛ ገብቶ በጆሮው ሰማ። ሃርላን ያለው እውነት ነው። ሚስማሩን ይዞ ወጣ። ለአይሊም አልነገራትም። አንዳንድ ጊዜ ግን ጋራዡ ውስጥ ሥራ ፈትቶ ስትደርስበት፣ ምን እያሰበ እንደሆነ ሳትጠይቀው ታውቅ ነበር። ሩዲ ዳግመኛ ለትምህርት ቤት ቡድን አልተጫወተም። በሄደበት አገር በረዶ ሜዳ አልነበረም። ትምህርቱን ጨርሶ ከአባቱ ጋር ከሰል ማዕድን ገባ፤ ለገና እንኳ አልደወለም።

በሚቀጥለው መከር ኮርቢን ብቻዋን ቡድን ማቆም አቃታትና ከሃርትሌይ ጋር አንድ ሆነች። ቶርሰን ዋይኖን ረዳት እንዲሆነው ጠየቀው። የኮርቢን ሰዎች ቢሞት እንኳ እንደማይቀበል ገምተው ነበር። ዋይኖ የሃርትሌይን አረንጓዴ ጃኬት ለብሶ በየማለዳው ሐይቁን ዞሮ ሄደ፤ ጉልበቱ እስኪከዳው ድረስ ለብዙ ዓመታት ተከላካዮችን አስተማረ። «እንዴት አስቻለህ?» ሲሉት፣ «ልጆቻችን እዚያ ናቸው» ይል ነበር።

ዋይኖ የሞተው እርጅና ከገባ በኋላ፣ በፀደይ ነው። የቀብሩ ዕለት በቤተ ክርስቲያኑ ምድር ቤት ሰው ቡና ይዞ ሲያወራ፣ አንድ ፀጉሩ ከፊት የሳሳ፣ ሰፊ ትከሻ ያለው ሰው ወደ አይሊ መጥቶ ጎንበስ አለ። ወዲያው ለየችው።

«ሩዲ! ከዚያ ድረስ?»

«ዛሬ ጠዋት ገባሁ።»

አጠገቧ አስቀመጠችው። የሚያወሩት ብዙ ነበር፤ ስለ አባቱ፣ ስለ እኅቱ፣ ስለ ልጆቹ። አይሊ ግን ዕድሜዋ ዙሪያ ጥምጥም መሄድ የማይፈቅድላት ሴት ነበረች።

«ቂም ይዘህበት ነበር አይደል?»

ሩዲ ኩባያውን አስቀመጠ። «ይዤባቸው ነበር። ሁለት ዓመት ያህል። እናቴ ስትድን ይብስ ተናደድኩ፤ ምን ዓይነት ልጅ እንደሆንኩ ይታይዎት።»

«ከዚያስ?»

«ከዚያ እጢው ተመለሰ። ያን ጊዜ የሚነግረኝ ሰው አላስፈለገኝም። ቤት ነበርኩ፤ በየቀኑ ከእሷ ጋር ነበርኩ፣ እስከ መጨረሻው። ኮች ያን ማክሰኞ ባይወስዱኝ ኖሮ እዚሁ ቀርቼ ዩኒቨርሲቲ እገባ ነበር፤ እጢው ሲመለስም አጠገቧ አልገኝም ነበር።» ወደ አይሊ ዞረ። «ልደውልላቸው እያልኩ ነው ይህ ሁሉ ዓመት የሄደው።»

አይሊ እጁን ያዘችው። ዋይኖ ቢሆን ምን እንደሚመልስ አሰበችና ምንም እንደማይል አወቀች። ተነሥታ ምግብ ያለበት ጠረጴዛ ጋ ሄደችና፣ እንደዚያ እንደ ድሮው ሳህኑን ሞልታ አመጣችለት።