«ሀያት የምትባል ሰው የለችም»

ነገሩ የሆነው ባለፈው ክረምት ቡራዩ ውስጥ ነው። እኔ ተናድጄ ቶሎ የምረሳ ሰው ነኝ፤ ይሄኛው ግን እስካሁን ያንገበግበኛል።

የሁለተኛ ደረጃ አስተማሪ ነኝ። ማንም ሰው ገብቶ በሚጽፍበት የኢንተርኔት መዝገበ ዕውቀት ላይ ስለ ፍልስፍና በአማርኛ ያለው ነገር ያሳፍራል። ስለ ሕሊና የነበረው ሁለት መስመር ብቻ ነው፤ እሱም ስህተት። ስለዚህ በጎ ፈቃደኞች ሰበሰብኩ። ከሰበታና ከሱሉልታ በታክሲ እየተንገላቱ የሚመጡም ነበሩ። እሁድ እሁድ ትምህርት ቤታችን ውስጥ አንድ ክፍል ይዘን እንጽፋለን።

ከሁሉም የበረታችው ሀያት ነበረች። የምትሠራው በአባቷ ሱቅ ነው። አባቷ ጋሽ ከድር እሁድ ሱቁን ጥላ መምጣቷን አልወደዱትም። «ስትጨርሺ ስምሽን አሳዪኝ፤ ያኔ አምንሻለሁ» ብለዋታል። ስለ ሕሊና የጻፈችው እሷ ናት። መጻሕፍት አገላብጣ፣ ምንጭ ጠቅሳ፣ ስንቴ ሰርዛ ደልዛ።

ጽሑፉ እንደወጣ ከድረ ገጹ ተጠቃሚዎች አንዱ ተነስቶ «ይሰረዝ» አለና እዚያው ድረ ገጹ ላይ ውይይት ተከፈተ። እኛ ደግሞ የዕድር ስብሰባ ላይ እጅ እንደማውጣት መሰለንና ተራ በተራ ገብተን «ይቆይ፣ እደግፋለሁ» ብለን ጻፍን። ዳታ ለመቆጠብ ሁላችንም የምንጠቀመው የእኔን ስልክ ሆትስፖት ነበር።

በማግስቱ ሁላችንም ታገድን፤ ጽሑፉም ተሰረዘ። የድረ ገጹ አስተዳዳሪ ሁላችንም በአንድ የኢንተርኔት መስመር መግባታችንን አይቶ «እነዚህ ሁሉ ስሞች የአንድ ሰው ናቸው» ብሎ ፈርዷል። አንዱ ሰው እኔ መሆኔ ነው።

የሱሉልታው ቶሎሳ ስልኩን አይቶ «ኩኒ ማሊ? ምንድን ነው ይሄ? እኔ ቲቸርን ነኝ እንዴ?» ብሎ ሳቀ።

ሀያት አልሳቀችም። «ሀያት የምትባል ሰው የለችም ማለቱ ነው አይደል፣ ቲቸር?» አለችኝ።

አቤቱታ ጻፍኩ። አብረን የተነሳነውን ፎቶ ላክሁ። ፎቶ ማስረጃ አይሆንም ተባልኩ። በመጨረሻ አስተዳዳሪው የእኔን እገዳ ብቻ አነሳ። «ጽሑፉ ጥሩ ስለሆነ በራስህ ስም መልሰህ አውጣው» አለኝ። ውለታ የዋለልኝ ነው የመሰለው! ሞቼ እገኛለሁ እንጂ አላወጣውም ብዬ ነበር። ሀያት ናት «አውጣው ቲቸር፣ ቢያንስ ሰው ያንብበው» ያለችኝ። አወጣሁት። ከሥሩ የጸሐፊዋን ስም ባስገባ እሱንም አጠፋው።

በቀደም ሱቃቸው ጎራ አልኩ። ጋሽ ከድር መነጽራቸውን አድርገው ጽሑፉን በስልክ እያነበቡ አገኘኋቸው።

«ግሩም ነው» አሉኝ። ከዚያ የጸሐፊዎቹን ስም የሚያሳየውን ገጽ ወደ እኔ አዞሩት። «ግን ያለው ያንተ ስም ነው። ታዲያ እሷ እሁድ እሁድ ምን ስትሠራ ነበር?»

ሀያት ስኳር እየመዘነች ነበር፤ ቀና አላለችም። ስለ ሆትስፖቱም፣ ስለ እገዳውም ሁሉንም አስረዳሁ። በትሕትና ሰሙኝ። እንዳላመኑኝ ግን ያስታውቅ ነበር።

ያንን ገጽ በከፈትኩ ቁጥር ደሜ ይፈላል። አስተዳዳሪው ይሄኔ አንድ አጭበርባሪ አጋለጥኩ ብሎ ደስ ብሎታል። ሀያት ደግሞ አሁን እሁድም ሱቅ ናት።