አባቴ ያልሸጣት ላም

ከአገር የወጣሁ ዕለት ማታ፣ ፒያሳ፣ ዶሮ ማነቂያ ያለችው ቤታችን ሸኚዬን ሁሉ መያዝ አቅቷት፣ ግማሹ ጎረቤት በመስኮት አንገቱን አስግጎ ነው የመረቀኝ። አባቴ ከአትክልት ተራ በቀጥታ መጥቶ፣ ሽንኩርት ሽንኩርት እየሸተተ፣ ዚፑ እንዲዘጋልኝ ሻንጣዬ ላይ ቁጭ አለበት።

ሥራዬ የቲማቲም ትል ማጥናት ነው። አትሳቁ። አባቴ ቲማቲም በጅምላ ሲሸጥ፣ ሌላው ነጋዴ ትል የነካውን ሳጥን አውጥቶ ሲደፋ፣ እሱ ግን ለእኔ ብሎ ሱቁ ጥግ ያስቀምጥልኝ ነበር። እኔ ከትምህርት ቤት መጥቼ ትሎቼን እቆጥራለሁ፤ ደንበኛው «ጋሽ ሁሴን ትል ማርባት ጀመረ» እያለ ወደ ጎረቤት ሱቅ ይሸሻል። ሳይንቲስት የሆንኩት እንዲህ ነው።

ጀርመን ገባሁ። የዚህ አገር ፀሐይ እንደ ቀበሌ ሊቀመንበር ናት፤ አለች ይባላል፣ ያገኛት የለም። ቲማቲማቸው መሬት ቢወድቅ ነጥሮ ኮርኒስ ይመታል፤ ትል እንኳ ንቆታል። እኔ ግን ለምጄ ተቀመጥኩ። ታዲያ አንድ ቀን መሥሪያ ቤታችን «የአፍሪካ ሳይንቲስቶችን የሕይወት ታሪክ ለሰፊው ሕዝብ እናድርስ» ብሎ ተነሣ። አራት ዓመት ሙሉ ጥናቴን ገልጦ ያላየ ሁሉ፣ ልጅነቴን ፍለጋ ካሜራ ተሸክሞ መጣ።

የቀረጻው ኃላፊ ወይዘሮ ሄልጋ ትባላለች። የትሉን ታሪክ ነገርኳት።

«ደስ ይላል» አለች፣ ሐኪም ለማይድን በሽተኛ በሚያወራበት ድምፅ። «ግን ትምህርት ቤት በእግርህ ስንት ሰዓት ትሄድ ነበር?»

«አምስት ደቂቃ። ማኪያቶ ልጠጣ ጎራ ካልኩ ግማሽ ሰዓት።»

«ውሃስ ከየት ትቀዱ ነበር?»

«ከቧንቧ። በመጣ ቀን።»

ካሜራማኑ ካሜራውን አወረደ። ይሄኔ የፒያሳ ሰይጣኔ ተነሣ። «እሺ፣ አባቴ አንዲት ላም ነበረችው። እኔን ለማስተማር ሸጣት። ስትነዳ ዞር ብላ አይታኝ አለቀሰች።»

እኛ ሰፈር ጉራ የነፋ ሰው የሚጠብቀው የባሰ ጉራ ነው። አንዱ «ላሟማ አሁንም ደብዳቤ ትጽፍልሃለች» ብሎ ይረታኛል፤ ተሳስቀን እንለያያለን። እኔም ከሄልጋ የባሰ ጉራ ጠበቅኩ። እሷ ግን እንባዋን ጠርጋ ጻፈችው!

ቪዲዮው ሲወጣ ትሉ የለም፣ ሱቁ የለም፣ ላሟ አለች። አባቴ «ምስኪን ገበሬ» ተብሏል። እየሮጥኩ ቢሮዋ ገባሁ።

«አባቴ ነጋዴ ነው! ላም ካየ መንገድ ይቀይራል!»

«ሕዝቡ እኮ በጣም ወደደው።»

«ቀልድ ነበር፤ አውርጂው።»

«በታሪክህ አትፈር» አለችኝ፣ ትከሻዬን መታ መታ እያደረገች። እንዲህ ያለውን ሰው ምን ትሉታላችሁ? ዕውቀትህን ሲያዩ ያዛጋሉ፣ ችግርህን ሲያዩ ያጨበጭባሉ፤ ችግር ከሌለህ ደግሞ ያበድሩሃል።

ማታውኑ አባቴ ጋ ደወልኩ። እህቴ ዘሀራ ቪዲዮውን ቀድማ አሳይታዋለች።

«ላሚቱ በቀን ስንት ሊትር ትታለብ ነበር?» አለኝ።

በጉራ ሊረታኝ መስሎኝ ሳቅሁ። እሱ አልሳቀም።

«አትክልት ተራው ሁሉ 'እምቧ' እያለ ነው የሚያሳልፈኝ። እሱስ ይሁን። ግን ያ የትል ሳጥን ደንበኛ ሲያሸሽብኝ፣ አንድ ቀን ልጄ ለሰው ይናገረዋል ብዬ ነበር።»

«ተናግሬ ነበር አባባ። ቆርጠው ጣሉት።»

«ለፈረንጅ። ለኔስ ነግረኸኝ ታውቃለህ?»

ስልኩን ከአንዱ ጆሮዬ ወደ ሌላው አዛወርኩ።

«በል አሁን ሥራ የለኝም፤ እየሰማሁህ ነው» አለኝ።

ፒያሳን በወሬ ያመሰው አፌ «አባባ» ከምትለው ቃል አላልፍ አለ።

«አለህ?» አለኝ።

«አለሁ።»