ሐረግ ያለባቸው የወለል ሶኬቶች

ሰላሕ ኢብራሂም ሰቆጣ ገበያ ዳር፣ ከአባቱ የጨርቅ ሱቅ ጎን ባለች ጠባብ ክፍል ራዲዮ ይጠግን ነበር። በጎረምሳነቱ አሥመራ ሄዶ ከአንድ ኤሌክትሪክ ሠራተኛ ዘንድ ሦስት ዓመት ተምሯል። ሥራውን ያውቃል፤ ችግሩ ሐሳብ ይዞት መሄዱ ነው። ደንበኛ እያናገረው ዓይኑን ግድግዳ ላይ ተክሎ ይቀራል። ባለቤቱ ዓሲያ ለምዳዋለችና እዚያው ፊታቸው ተቀምጦ እያዩት፣ "ሰላሕ የለም፤ ትንሽ ቆይታችሁ ተመለሱ" ትላቸዋለች።

በሰባ ሦስት ዓመተ ምሕረት፣ ክረምቱ እንደወጣ፣ ጓድ ምንዋጋው አስጠራው። ምንዋጋው በከተማዋ የአንድ መሥሪያ ቤት ኃላፊ ነው። መሥሪያ ቤቱ የተሰጠው አሮጌ የድንጋይ አዳራሽ ሲሆን፣ ግድግዳው ወፍራም፣ መስኮቶቹ ጠባብ ስለሆኑ በቀትርም ያለ መብራት አይጻፍበትም። ጄኔሬተር አለ፤ በየጠረጴዛውም ላይ መብራት አለ። ሶኬቱ ግን ግድግዳ ላይ ብቻ በመሆኑ ሽቦው ሁሉ ወለሉን አቋርጦ ተጋድሟል። ታይፒስቷ ታይቱ በዚያው ሳምንት ሽቦ ጠልፎ ጥሏት አንድ እጇን በሻሽ አንጠልጥላ በሌላው ትጽፋለች።

"ይኸን ሽቦ ከእግራችን ሥር አስወግድልን" አለው ምንዋጋው። "ጠረጴዛውን ወደ ግድግዳው አናስጠጋው ነገር፣ ግድግዳው እርጥበት አለው፤ ወረቀቱን ያበሰብስብናል።"

ሰላሕ ወለሉን በእግሩ መታ መታ አደረገ። ከዚያ፣ "ከሥር ቢመጣስ?" አለ።

"ከምን ሥር?"

"ከወለሉ ሥር። እያንዳንዱ ጠረጴዛ አጠገብ ብቅ ቢል።"

ምንዋጋው ወደ ታይቱ ዞረ። "እኔን አይጣለኝ እንጂ ከሰማይም ቢወርድ ግድ የለኝም" አለች ታይቱ።

ሰላሕ ወለሉን ቦይ አድርጎ ቆፈረ፤ ሽቦውን በብረት ቱቦ ውስጥ አሳልፎ ቀበረ፤ በየጠረጴዛው እግር ሥር ሶኬት የያዘ ሣጥን ተክሎ የቆርቆሮ ክዳን ገጠመለት። ለአሥራ አምስት ቀን ሁሉም ደስ ብሎት ዋለ። በአሥራ ስድስተኛው ቀን የወንበር እግር ያጎበጠው አንዱ ክዳን አልገጥም አለ፤ ወለሉ ሲታጠብ ውሃው ሰተት ብሎ ገባ፤ ፊውዙ ተቃጥሎ አዳራሹ ጨለመ። ማንም አልተጎዳም። ሰላሕ ግን እቤቱ ገብቶ ሁለት ቀን አልወጣም። ዓሲያ ምግቡን አጠገቡ አስቀምጣ፣ "ውሃ ነው የገባው፤ ሰው አልሞተ። ውሃ የማይገባበትን አስብ" አለችው።

በሦስተኛው ቀን ጠዋት ተነሥቶ ከከተማው ወጣ። ያለ ወቅቱ ዝናብ ጥሎ ኖሮ ዳገቱ ሁሉ ይጨሳል፤ ጉም ከገደሉ እየተነሣ ዛፉን አንዴ ይሰውረዋል፣ አንዴ ይመልሰዋል። ከአንዲት ምንጭ አጠገብ ድንጋይ ላይ ተቀመጠ። የምንጯን አፍ ውሃ ቀጂዎቹ ዙሪያዋን በድንጋይ ከፍ አድርገው ለስነዋታል፤ ከላይ ጠፍጣፋ ድንጋይ ከድነውባታል። ደፍራሹ ጎርፍ ከዳገቱ ወርዶ እዚያች የድንጋይ ከንፈር ሲደርስ ግራና ቀኝ ተከፍሎ ያልፋል። ውስጧ ጥርት እንዳለ ነው። ሴቶች መጥተው ሰላም አሉት፤ ቀድተው ሄዱ፤ እሱ አልሰማም። ሜዳው አዳራሽ ሆኖ ታየው። ሳሩ መሐል ትናንሽ ከንፈሮች ተነሥተው፣ ከየአንዳንዳቸው ቢጫ ብርሃን ቀስ እያለ ይፈልቃል፤ ጉሙ በላያቸው ይሄዳል፤ ታይቱ በመካከላቸው ወረቀት ይዛ፣ ወደ ታች ሳታይ ትራመዳለች። ጉሙ ተገልጦ ቀትር ሆኖ ጥላው እግሩ ሥር ሲገባ ነቃ።

ከዚያ ወደ መሪጌታ ገብረ ጻድቅ ቤት ሄደ። መሪጌታ በብራና ይጽፋሉ፤ ነሐስ አቅልጠው መስቀል ያፈስሳሉ።

"መሪጌታ፣ በዚያው በመስቀሉ ዘዴ ክዳን ያፈሱልኛል?"

"የምን ክዳን?"

"ሰው የሚረግጠው።"

መሪጌታ ብርዓቸውን አስቀመጡ። "እግር የሚረግጠው ላይ መስቀል አላኖርም።"

"እኔም መስቀል አልልዎትም፤ የኔም ሃይማኖት ጽሕፈት አይኖርበትም። ግን ልሙጥ ከሆነ ያንሸራትታል፤ ለዓይንም ይከፋል።"

መሪጌታ የሚጽፉበትን ብራና ወደ እሱ አዞሩት። ከገጹ ራስ ላይ የተጠላለፈ ሐረግ፣ መጀመሪያው ከመጨረሻው ሳይለይ፣ ይዞራል። "ሐረግ መረገጥ አይከፋውም" አሉ። "ከመሬት የሚበቅል ነው።"

ሁለቱ ያን ጥቅምትና ኅዳር አብረው ከረሙ። መሪጌታ ሐረጉን በሰም ቀረጹ፤ በጭቃ አለበሱት፤ ሰሙን አቅልጠው አስወጥተው በባዶው የአሮጌ ድስትና የጥይት ቀለህ ነሐስ አፈሰሱበት። ሰላሕ የሣጥኑን አፍ ከወለሉ ሁለት ጣት ከፍ አድርጎ፣ ዙሪያውን ሰው እንዳይደናቀፍ ተዳፋት አድርጎ ለሰነው። ሶኬቱን ወደ ላይ ሳይሆን በጎኑ አቆመው፤ አቧራ ቢወድቅ ቀዳዳውን ስቶ እንዲያልፍ ነው። ክዳኑ ከጎማ ቁራጭ ጋር ይገጥማል፤ ሽቦው የሚወጣባት አንዲት ጠባብ ጎድጓዳ አለችው። ከየክዳኑም ኤሌክትሪክ ቢያመልጥ ወደ መሬት የሚወስድ ሽቦ አውጥቶ ደጅ ከተቀበረ ብረት ጋር አሰረው።

ሲያልቅ አንዱን መሪጌታ ግቢ ውስጥ ተክለው እንስራ ሙሉ ውሃ ደፉበት። ውስጡ ደረቅ ነው። ከዚያ የመሪጌታን በቅሎ ስበው አመጡ። በቅሎዋ አሽትታ አንድ ኮቴዋን ክዳኑ ላይ አስቀመጠች፤ እዚያው ቆማ ጆሮዋን አወዛወዘች። "ወዳዋለች" አሉ መሪጌታ።

አሥራ አንድ ሣጥኖች ክዳን ክዳናቸውን ይዘው አዳራሹ ውስጥ ተተከሉ። ታይቱ እጇ ድኖ ነበርና መብራቷን ራሷ ሰካች፤ ክዳኑን ከደነች፤ ከዚያ ሐረጉን ላለመርገጥ ዞራ ሄደች።

"ርገጪው እንጂ" አላት ሰላሕ። "ለመረገጥ ነው የተሠራ።"

"እሺ፤ ዛሬ ግን አይሆንልኝም።"

ዓመታት አለፉ፤ ክዳኖቹ በጫማ ተወልውለው ወርቅ መሰሉ። በሰባ ሰባት ድርቁ ሲከፋ ከአካባቢው ቆላ፣ ከዝቋላና ከሰሃላ፣ በእግሩ የመጣው ሰው ከተማዋን ሞላት። ምንዋጋው ጠረጴዛዎቹን አስወጥቶ አዳራሹን ለሕሙማን ለቀቀ። አልጋ አልነበረም፤ ሰው ሁሉ ወለሉ ላይ ሰሌን ላይ ተኛ። ነርሷ ጥሩሐረግ መብራቱንና የውሃ ማፍሊያውን በየሕመምተኛው ራስጌ ከሰሌኑ ሳትርቅ ትሰካለች። ወለሉ በቀን አምስትና ስድስት ጊዜ ይታጠባል፤ ውሃው ክዳኖቹ ጋ ሲደርስ እየተከፈለ ያልፋል። ሰላሕ በየጠዋቱ እየመጣ ክዳኖቹን ሁሉ በጨርቅ ይጠርጋል።

አመተ ሥላሴ የምትባል አንዲት ሴት ከዝቋላዋ ጽጽቃ መጥታ ነበር። ለብዙ ቀን ሳትናገር፣ በጎኗ እንደተኛች፣ በጣቷ ሐረጉን ትከተል ነበር። አንድ ጠዋት ሰላሕ ሲጠርግ በአገሯ ቋንቋ፣ በኽምጣንጋ፣ ሐረጉ የት እንደሚጀምር ጠየቀችው። እሱም አጎንብሶ ፈለገ፤ አጣው። እሷ ጣቷን አላነሣችም፤ ፈገግ አለች። "ተወው፤ እኔ እፈልገዋለሁ" አለችው።

የዚያ ቀን ጥሩሐረግ የሰጠቻትን አጥሚት ሙሉውን ጠጣች። ዝናብ ሲገባ ዘር የሚሆን እህል በጀርባዋ አዝላ ወደ አገሯ ሄደች።

ከወራት በኋላ መሥሪያ ቤቱ ወደ አዳራሹ ተመለሰ። ሠራተኞቹ ጠረጴዛዎቹን እያስገቡ ሳለ የአንዱ እግር ልክ አመተ ሥላሴ የተኛችበት ቦታ ካለው ክዳን ላይ ዐረፈ። ክዳኑ ለዚህም ተብሎ የተሠራ ነው፤ ምንም አይሆንም። ሰላሕ ግን ቆመና፣ "አንድ ክንድ ወደዚያ አድርጉልኝ" አላቸው። ለምን እንደሆነ አልጠየቁትም፤ አንሥተው አሸሹት።