ከሳንቃው ጀርባ

አጎቴ ዕድሜውን ሙሉ የመጋዘን ዘበኛ ነበር። ጡረታ ሲወጣ ዩኒፎርሙን መለሰ እንጂ ጥርጣሬውን አልመለሰም። «ያልጠረጠረ ተመነጠረ» ይላል፣ ነጋ ጠባ። ደህና ዋልክ ሲሉት እንኳ ምን ፈልገው ነው ብሎ ፊት ይመረምራል። እወደዋለሁ፤ ግን ያደክማል።

ቤቱ ከውጭ በሳንቃ የተለበጠ ነው። በጓሮ በኩል ባለው ክፍል ልጁና ምራቱ ይኖራሉ። ዝናቡ ሲበረታ የዚያ ክፍል ግድግዳ ወዛ፤ ሻጋታ ሻጋታ ሸተተ። ከውጭም ቀለሙ ተነፋፋ። አጎቴ ሳንቃውን በአውራ ጣቱ ጫን ቢለው ስርጉድ አለ። «ውሃ በራሱ እግር አይመጣም፣ ያመጣው ሰው አለ» ብሎ ምራቱን ጠረጠረ።

ምራቱ ልብስ የምታጥበው እዚያው ግድግዳ ሥር ነው። በዐይነ ቁራኛ ይጠብቃት ጀመር። ሳፋ ባነሳች ቁጥር የሱ መጋረጃ ይነቃነቃል። እጣቢውን ቦይ ድረስ ወስዳ ስትደፋ፣ «እያየኋት መሆኔን አውቃ እኮ ነው» ይለኛል። ከባሏ ጋር ስትስቅ ደግሞ፣ «እያሳሳቀ ይወስዳል እንደ ውሃ!»

አንድ ቀን አላስችለው አለ። «ቤቴን አበስብሰሽ፣ አሽጠሽኝ ልትገላገዪ ነው አይደል?»

ልጅቷ ሳፋውን አስቀመጠች። «እኔ አይደለሁም አባባ። አናጺ ይምጣና ይፈተሽ። እኔ ከሆንኩ ጓዜን ጠቅልዬ እወጣለሁ።»

አጎቴ እሷን የማያውቅ አናጺ ፍለጋ ሌላ ሰፈር ድረስ ሄደ። ይዞት መጥቶም አላመነውም። «ማነው የላከህ?» አለው በር ላይ።

«እርስዎ ነዎት እኮ የጠሩኝ!»

ሳንቃው ተነቀለ። ጀርባው ጠቁሮ በእጅ ይፈረፈራል። አናጺው የእርጥበቱን መንገድ በጣቱ ተከትሎ መስኮቱ ራስ ላይ ደረሰ።

«እዚህ ጋ ቆርቆሮ አልተደረገም። ነፋስ ዝናቡን ሲገፋው በዚህ ይገባል።»

«እጣቢ ቢሆንስ?»

«እጣቢ መስኮት ራስ ላይ ይወጣል እንዴ አባቴ?» ጎንበስ ብሎ የግርጌውን ጠርዝ ዳሰሰ። «ደግሞም ትንሽ ውሃ መግባቱ አይቀርም፤ ሳንቃ ጠርሙስ አይደለም። የገባው እንዲወጣ፣ ጀርባውም አየር አግኝቶ እንዲደርቅ ከሥር ክፍተት ይተዋል። ይሄን በሲሊኮን የደፈነው ማነው?»

ዐይናችን ሁሉ ወደ አጎቴ ዞረ። በበጋው አጎቴ በጉልበቱ እየዳኸ ግርጌውን ዙሪያውን ሲለስን ሁላችንም አይተነዋል።

«ክፍተት ካለ የሚሾልክ አይጠፋም ብዬ ነው» አለ በመጨረሻ።

«ታዲያ መግቢያውን ትተው መውጫውን ዘጉበት። ታስሮ የኖረ ውሃ ነው ያበሰበሰው።»

እኔ ሳቄ አመለጠኝ። ምራቱ ግን አልሳቀችም፤ አጎቴን አንዴ አየችውና ወደ ክፍሏ ገባች። እሱም ይቅርታ ማለት ሲገባው አናጺውን ምስማር ቆጥረህ አስረክበኝ እያለ ይጨቀጭቅ ነበር። በጣም ተናደድኩበት።

በሳምንቱ አናጺው አዲሱን ሳንቃ እየመታ ሳለ ባልና ሚስቱ ዕቃ ማውጣት ጀመሩ። ሌላ ቤት ተከራይተዋል።

አጎቴ በሩ ላይ ቆመ። «ምን ሆናችሁ? አንቺ አይደለሽም ተባለ እኮ!»

«አዎ፣ አናጺው ነገረዎት» አለችው። «እኔ ስነግርዎት ግን አላመኑኝም።»

አጎቴ ከበሩ ገለል አለ። ከአፉ ሰምቼው የማላውቀውን ቃል ያን ቀን ሰማሁ። «አጥፍቻለሁ ልጄ።»

«ይሁን አባባ፣ ሰምቻለሁ» አለችና፣ ባሏ አንዱን ጫፍ ይዞ የሚጠብቃትን ፍራሽ በሌላኛው ጫፍ አነሳች።