የምርጫ ኬክ በቡርንስቪል

ቡርንስቪል በምትባል የአሜሪካ ከተማ ባለ አንድ የአረጋውያን መኖሪያ ውስጥ ነርሲንግ አሲስታንት ነኝ። ከምንከባከባቸው መካከል አንዲት ጡረታ የወጡ የታሪክ አስተማሪ አሉ፤ ዘጠና ያለፋቸው፣ ጆሯቸው የከበደ፣ ምላሳቸው ግን ገና የሰላ።

ምርጫው ሲቃረብ፣ አንድ ጠዋት ፀጉራቸውን ሳበጥርላቸው፣ "ድሮ በዚህ አገር ለምርጫ ኬክ ይጋገር ነበር" አሉኝ። በእርሾ የሚነሳ፣ ዘቢብና ቅመም የበዛበት፣ ብራንዲም ጠብ የሚደረግበት ነበር። ከገጠር ድረስ ለመምረጥ የመጣውን ሰው ያበሉት ነበር አሉ። "አንቺ ድፎ ዳቦ ትችያለሽ፤ ይህ አያቅትሽም።"

ለአለቃዬ ነገርኳት። ደስ አላትና ኮሚቴ አቋቁማ ስብሰባ ጠራች። የምግብ ባለሙያዋ ስኳር በሽታ ላለባቸው ስትል ስኳሩን አስወጣች። ነርሷ ዘቢብ ያንቃል አለች። ብራንዲው ከመድኃኒት ጋር አይሄድም ተባለ፤ በዚህስ እኔም ተስማማሁ። ቅቤው ለልብ፣ ቅመሙ ለጨጓራ ተብሎ ቀረ። በመጨረሻ አለቃዬ፣ ምርጫ የሚለው ቃል ሰው ያጣላል ብላ ስሙን "የመኸር ኬክ" አለችው።

መጋገሩ ለእኔ ተሰጠኝ፤ ቤቴ ገብቼ ዱቄትና እርሾ በውሃ አቦካሁ። ልጄ ሊጡን አየችና በእንግሊዝኛ፣ "ይሄ ኬክ ነው?" አለችኝ።

"ኮሚቴው ነው ብሏል" አልኳት።

በምርጫው ዕለት ቁርስ ላይ ቀረበ። አስተማሪዋ ጎርሰው ብዙ አኘኩ።

"ምንድን ነው ይሄ?"

"የመኸር ኬክ ነው።"

በማንኪያ ብርጭቆ አንኳኩና፣ "ዘቢብ የሚፈልግ እጁን ያውጣ" አሉ። ከአንድ ሽማግሌ በቀር ሁሉም አወጡ፤ እሳቸውም እንቅልፍ ወስዷቸው ነበር። አለቃዬ ፈገግ ብላ፣ "ድምፃችሁን ሰምተናል፤ ለኮሚቴው እናቀርባለን" አለች።

እኔ ግን ኮሚቴው የማያውቀው ትንሽ ኬክ፣ ቅቤና ዘቢብ ያለበት፣ መኪናዬ ውስጥ ነበረኝ። የአስተማሪዋን ልጅ አስቀድሜ አስፈቅጄ ነበር። ከሰዓት በኋላ እናቷን ልታስመርጥ መጣች፤ እኔም ከሥራ ወጥቼ ተከተልኳቸው። ዜግነት ካገኘሁ የመጀመሪያ ምርጫዬ ነው። ምርጫ ጣቢያው ፓርኪንግ ላይ መኪና አቁመን ቆረስኩላቸው። ሁለት ቁራሽ በሉ።

"ብራንዲው የታለ?"

ልጃቸው፣ "ድራይቭ የማደርገው እኔ ነኝ፣ እማዬ" አለች።

"እሱማ አንቺን ነው የሚከለክለው" አሉ።

ከዚያ ገባን። እንዳይበላሽብኝ ብዬ ወረቀቱን ሦስቴ አነበብኩት። እሳቸው ቀድመውኝ ጨርሰው፣ ዊልቸራቸው ላይ ሆነው በሩ ጋ ጠበቁኝ። ማንን መረጥሽ ብለው አልጠየቁኝም። ክንዴን ያዝ አድርገው፣ "አሁን የቀረውን ኬክ አምጪው" አሉኝ።